ካፒቴኗ ያነሳችው አፒል

ከእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ አንዱ አፒል ነው፣ ሌላው ዊዝድሮው። የቀረውን ከደንበኛ አፍ እየለቀምኩ፣ ግማሹን ከዙሉ ጋር እያምታታሁ ነው የያዝኩት። እነዚህን ሁለቱን ግን ጆሃንስበርግ በገባሁ በሳምንቱ፣ ከጸሎት ስንወጣ፣ ቀድሞን የመጣ አንድ የአገራችን ሰው ቁጭ አድርጎ አስጠናኝ። ጥገኝነት ጠይቀሽ እምቢ ካሉሽ አፒል ትያለሽ። አፒልሽ ቢሮው ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ከዚህ አገር አያስወጣሽም። ዊዝድሮው የሚል ወረቀት ካቀረቡልሽ ግን ጣትሽ ይቆረጥ እንጂ እንዳትፈርሚ፤ አፒልሽን በገዛ እጅሽ አነሳሽው ማለት ነው። እንዲህ ብሎ ሁለቱን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ላቋረጠች ሴት ከባድ ትምህርት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወረቀታችን እየታደሰ፣ እየታደሰ፣ አፒል ላይ ነው። ልጄ ያኔ በሆዴ ነበረች፤ አሁን ከእኔ ትረዝማለች።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የልጄ የክሪኬት አሰልጣኝ ስትደውልልኝ በምን ጆሮ እንደሰማኋት አስቡት። ዛንድስፕሩት ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሿ ሱቃችን ውስጥ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሜ ለአንዲት ጎጎ ግማሽ ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር፤ እዚህ አሮጊቶችን ሁሉ ጎጎ ነው የምንላቸው። አሰልጣኟ ዙሉና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ትናገራለች።

«ማማ፣ ልጅሽ፣ ካፒቴናችን፣ አፒሉን ዊዝድሮው አድርጋዋለች» አለችኝ። «ነገሩ ከባድ ነው። ማክሰኞ ወላጆች እንሰበሰባለን፤ አንቺም እንዳትቀሪ።»

ሌላም ብላ ይሆናል። እኔ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

ቢላዋው ዳቦው ላይ እንደተሰካ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፍኩት። ጎጎዋ ከውጭ ሆና ማን ሞተ አለችኝ። ወረቀቴ አልኳት። የበቆሎ ዱቄቱን ጆንያ ገፍቼ የብስኩት ቆርቆሮዋን አወጣሁ። ወረቀቱ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ቢኖር ምን ዋጋ አለው፣ ፊርማው ሌላ ቦታ ተፈርሞ ከሆነ? ልጄ ማንበብ ከቻለች ጀምሮ በቢሮው መስኮት ላይ አፌ እሷ ናት። ደብዳቤ ሲመጣ የምትከፍተው እሷ፣ ፈርሚ ሲሉኝ የት እንደምፈርም የምታሳየኝ እሷ። ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ዕድሜ ልካችንን ወረፋ ላይ ነን፣ ሰልችቶኛል ብላኝ ነበር። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

ለባለቤቴ ደወልኩለት። እሱ ዳቬይተን ሌላ ሱቅ ይዞ እዚያው ነው የሚያድረው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ነገርኩት። «ማን አስፈረማት?» አለኝ። እሱም በሩን ዘጋ። አንዲት ኳስ በሁለት መንደር ሁለት ሱቅ አዘጋች ብሎ አሁን ይቀልዳል። ያን ቀን ግን የቀለደ ሰው አልነበረም።

ልጄ ቦርሳዋን ተሸክማ፣ የነጭ ሱሪዋ ጉልበት በሣር አረንጓዴ ሆኖ መጣች። በሩ በቀን ተዘግቶ ስታይ ሮጣ ነው የገባችው። ምን ላይ ፈረምሽ አልኳት። ነገሩ ሲገባት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። ከመደርደሪያው ሦስት ሻማና ሁለት የዓሣ ጣሳ አወረደች፤ ሻማዎቹን ባንኮኒው ላይ አቁማ ታስረዳኝ ጀመር።

እንጨቶቹ እነዚህ ናቸው አለች ሻማዎቹን። መቺዋ ኳሱን በወዲያኛው ጫፍ ትጠብቃለች፤ በዚህኛው ጫፍ ደግሞ ጓደኛዋ ትቆማለች። ወርዋሪዋ ኳሱን ሳትለቅ ይህቺ ጓደኛ ቸኩላ ከመስመሯ ከወጣች፣ ወርዋሪዋ ዞር ብላ እንጨቶቹን መጣል ትችላለች። ሕግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይወደውም፣ እንደ ነውር ያዩታል። የዛሬው ጨዋታ ሊያልቅ የቀረው ትንሽ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ናቸው፤ ለማሸነፍ አራት ሩጫ ይፈልጋሉ። የእኛዋ ወርዋሪ እንጨቶቹን ጣለች፤ ልጅቷ ከመስመሯ ወጥታለች። ሁሉም አፒል ብሎ ጮኸ። ዳኛው ከጨዋታ ወጥታለች ሲል ጣቱን አነሳ። አሸንፈን ነበር አለችኝ። ከዚያ እኔ ወደ ዳኛው ሄድኩና፣ ልጅቷ ከሜዳው ሳትወጣ፣ አፒላችንን አንስተናል አልኩት። ለካፒቴን ይፈቀድላታል። ጨዋታው ቀጠለ፤ በሁለተኛው ኳስ አራት መቱና ተሸነፍን።

አንድ ነገር አልገባኝም ነበርና ጠየቅኳት። «አፒል ያላችሁት ልጅቷ እንድትወጣ ነው?»

«አዎ ማሚ። ካልጠየቅነው ዳኛው ዝም ነው የሚለው። እያየም ቢሆን።»

«እኛ እንዳንወጣ ነው አፒል የምንለው» አልኳት።

ጣሳዎቹን አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰች።

እውነቱን ልናገርና፣ ካፒቴን መሆኗን ከጅምሩ አልወደድኩትም። ኳሱን ልጫወት ስትል ተጫወቺ ብያታለሁ፤ ከሱቅ ግርግር ሣር ይሻላል ብዬ። ካፒቴን ሆንኩ ያለችኝ ዕለት አባቷ ዳቦ ቆርሶ ጸለየ፣ እኔ ግን አሜን አላልኩም። በስልኳ አሳይታኛለች። ከእንጨቶቹ ኋላ ጓንት አጥልቃ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ትነሳና ጣቷን ቀስራ፣ አንቺ ወደዚያ፣ አንቺ ቀረብ በይ፣ አንቺ ወደ ኋላ ትላለች። የአገሬው ልጆች ይታዘዟታል። እኔ በዚህ አገር ጣቴን ለማንም ቀስሬ አላውቅም። መንገድ ለሚጠይቀኝ እንኳ በመዳፌ ነው የማሳየው። ሱቃችን ላይ ስም አልተጻፈም። ቀድሜ ሳውቦና ብዬ ሰላም እላለሁ፣ ቀድሜ አንገቴን እደፋለሁ፤ የኖርነው በዚህ ነው። ልጄ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያያት ሜዳ መሐል ቆማ ታዛለች።

በዚያ ላይ ወቅቱ ክፉ ነበር። ከእኛ አራት መንገድ ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ ሰውዬ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ደብተር ይዞ፣ የውጭ ሰው ሱቅ እየገባ ወረቀት መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ፖሊስ አይደለም። ማንም አልሾመውም። ወረቀቱ ያልጣመው ሱቅ በር ላይ በጠመኔ መስቀል ያሰምራል፤ መስቀል የተሰመረበት ሱቅ ሳምንት አይከርምም። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንዲያውም ሰላምታው ደህና ነው። ያ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

ሻማዎቹን ወደ መደርደሪያው ስትመልስ ነው የጠየቅኳት። ያቺ ከመስመር የወጣችው ልጅ የማን ልጅ ናት? ሻማዎቹን አንድ ባንድ ማስተካከል ያዘች። የደብተሩ ሰውዬ ልጅ በክሪኬት ከእነሱ ጋር እንደምትጋጠም አውቃለሁ፤ ሐሙስ ዕለት ራሴ ነኝ ያስጠነቀቅኳት።

«ማን እንደሆነች አውቀሽ ነው ያደረግሽው?»

«መንገድ ልቀቂላት አላልሽኝም?» አለችኝ፤ ፊቷን ሳታዞር።

ብያታለሁ። ሐሙስ ማታ ራት እየበላን በአፌ ብያታለሁ። እኔ በመንገድ ላይ ብትገናኙ ማለቴ ነበር፤ በታክሲ ወረፋ፣ በውኃ ቧንቧ። ቃሌ ያን ያህል ርቆ ሄዶ ሜዳ ገብቶ ይጫወታል ብዬ መቼ አሰብኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ክሪኬትን እንደኔው ነው የሚያውቁት፣ መፍረድ ግን አላቃታቸውም። አንዱ ሰላምን መርጣለች፣ የተባረከች ልጅ ናት አለ። ሌላው፣ የታመመ ሰው ቤት ሲያስታምም የሚያድር፣ ሁልጊዜ እውነት የሚናገር ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሰላሙን በገዛ ላቧ ብትገዛው እሰየው፣ የገዛችው ግን በሌሎቹ ልጆች ላብ ነው አለ። ባለቤቴ ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም። ልቤ ሁለተኛው ያለው እውነት እንዳይሆን ፈርቶ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሰውዬው መጣ። ሁለቱ ጓደኞቹ በር ላይ ቀሩ። ሳውቦና አለኝ፣ መለስኩለት። ወረቀት ሳይለኝ ወረቀቱን አወጣሁለት። ላስቲኩን ራሱ ፈታው፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «አፒል» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደሚቀመስ ነገር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ ነግራኛለች። ካፒቴኗ ያንቺ ልጅ ናት አይደል? ጎበዝ ካፒቴን ናት፣ ሲሲ። ቦታዋን ታውቃለች።»

ሲሲ ሲል እህቴ ማለቱ ነው፤ አመሰግናለሁ አልኩት።

«ቅዳሜ እንደገና ይጋጠማሉ» አለ። «መጥቼ አያታለሁ።»

ጠመኔው ከጣቶቹ መሐል ነበር። እያየሁት ወደ ኪሱ ከተተውና ወጣ። ከእኛ ሦስተኛ ሱቅ የአንድ የአገራችን ሰው ነው፤ በመዝሙር አንድ መስመር ላይ ነው የምንቆመው። ጠመኔው የእሱ የብረት በር ላይ ሲፋቅ ከቆምኩበት ተሰማኝ። ከምሽቱ በፊት ባኪ የሚሏትን ፒካፕ መኪና አምጥቶ ዕቃውን ጫነ። ልረዳው ሄድኩ። የዘይት ካርቶን ከእጄ ተቀበለኝና፣ የእኔ ወረቀትና ያንቺ ወረቀት አንድ ቢሮ የሰጠን፣ አንድ ዓይነት ነው አለኝ።

«ምን ሰጥተሽው ነው?»

ምንም አልኩት። ካርቶኑን መኪናው ላይ አስቀምጦ ወደ ሱቄ በር አየ፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰውዬው ያለውን ነገርኳት። ቦታዋን ታውቃለች የሚለውን ስትሰማ ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። በዙሉ እንዴት አለው አለች፤ በዙሉ ነገርኳት። ራቷን ሳትበላ ጓንቷን ስትጠርግ አመሸች።

ማክሰኞ ስሄድ ሐሳቤ የቆረጠ ነበር። ካፒቴንነቱን ውሰዱላት እላለሁ። ትጫወት ካሉ ትጫወት፣ ጣት መቀሰሩ ግን ይቅር። ቅዳሜ ያቺ ልጅ የምትመታው እያንዳንዱ ኳስ የእኔ በር ላይ እንዳያርፍ።

ሜዳው ዳር ባለች የቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀመጥን፤ እናቶች ይበዛሉ፣ አባቶችም አሉ፤ ልጆቹ ሣሩ ላይ። አሰልጣኟ አንድ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ በወጣትነቷ ኳስ ስትወረውር ነው የተጎዳችው ይላሉ። ቆማ ነው የተናገረችው። በመጀመሪያ ልጄን የምታመሰግን መሰለኝና ደነገጥኩ። ባለፈው ወር አንዲት ግራኝ፣ ጉልበተኛ መቺ ገጥማቸው ነበር። ልጄ በአንድ በኩል ሜዳውን ባዶ ተወችው፤ ወላጆቹ ሁሉ ቦታው ክፍት ነው እያሉ ሲጮኹ እንዳልሰማ ሆነች። መቺዋ ወደ ክፍቱ ስትመታ ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀድማ እዚያ ጥግ ያቆመቻት ልጅ ቀለበችው። ይህ ገባኝ። እኔም ከረሜላውን ለበሩ ቅርብ የማስቀምጠው ሌባ ስለማላውቅ አይደለም፤ እጅ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ ላውቅ ብዬ ነው። ይህን ከማን ተማረችው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወደ ቅዳሜው መጡ። አንድ አባት፣ ያሸነፈችውን የምትመልስ ካፒቴን ለቡድኑ ምን ትረባለች አለ። የወርዋሪዋ እናት፣ ልጄ ሁለት ቀን አልቅሳለች አለች፤ በክፋት አልነበረም የተናገረችው። አሰልጣኟ ወደ ልጄ ዞራ ለምን እንዳነሳችው ጠየቀቻት። ሁሉም ነውር ነው ብዬ ነው እንድትል ይጠብቃል፤ እንዲያውም አንድ ሁለቱ አስቀድመው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

«ፈርቼ ነው» አለች ልጄ። «ሌላ ልጅ ብትሆን አላነሳውም ነበር።»

ማንን እንደፈራች የሚያውቁ ያውቃሉ፤ ሰውዬው በዚያ ሰፈር የማይታወቅ አይደለም። ያን ጊዜ ተነሳሁ። በሱቅ ዙሉዬ፣ ዋጋ በምናገርበት ዙሉ፣ እባካችሁ ሌላ ሰው አድርጉ አልኩ። የእኔ ልጅ ከኋላ ትቁም፤ ከኋላ መቆም እናውቅበታለን።

አሰልጣኟ ፈገግ አለች። «ማማ፣ አሁንም ከኋላ ነው እኮ የምትቆመው። ከእንጨቶቹ ኋላ። ሁላችንንም የምታየን ለዚያ ነው።»

በመጨረሻ የተናገረችው ወርዋሪዋ ናት። አጭር፣ ጠጉሯን በቀጫጭኑ የተጎነጎነች ልጅ። ልጄን እያየች፣ የተናደድኩት ስላነሳሽው አይደለም፣ ሳትጠይቂኝ ስላነሳሽው ነው፤ ኳሱ የእኔ ነበር አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። መጀመሪያ ስትገባ ኳሷ ሁሉ ይሳሳትባት እንደነበር፣ ሌሎች ካፒቴኖች ኳሱን ከእጇ እንደወሰዱባት፣ የእኔዋ ግን ስድስት መጥፎ ኳስ በተከታታይ ስትወረውር ቆማ እንዳየቻትና ሰባተኛውንም እንደሰጠቻት ነገረችን። እኔ ሌላ ካፒቴን አልፈልግም አለችና ተቀመጠች።

አሰልጣኟ ውሳኔዋን በአጭሩ ነው የተናገረችው። ካፒቴኗ ትቆያለች። «ከእንግዲህ ስትፈሪ ግን ለብቻሽ እንዳትፈሪ» አለቻት። «ሄደሽ ለወርዋሪሽ ንገሪያት።»

ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጥን።

ቅዳሜ ሱቁን ዘጋሁና ሄድኩ። እሷ ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። ወረቀቱን ከነላስቲኩ በደረቴ ይዤው ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ሣር ላይ ማን ይጠይቀኛል። ሰውዬው ቀድሞኝ ደርሷል። የሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሌላ ባዶ ወንበር አለ። ከሩቅ አየኝና በእጁ ጠራኝ።

«ሲሲ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ተቀመጥኩ። ጭማቂ አቀበለኝ፤ ሳልከፍተው ጉልበቴ ላይ ያዝኩት። ሰው ሁሉ ሲያየን ምን ይል ይሆን እያልኩ፣ በተለይ ያ ካርቶን የተቀበለኝ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል እያልኩ ተቀመጥኩ።

ልጁ መታች። ታምርባለች፣ አልዋሽም። ኳሱ ባቱን፣ የመምቻ ሰሌዳውን፣ ሲነካ እንደ ደረቅ እንጨት ይጮሃል፣ እሱ በየጊዜው ጉልበቱን ይመታል። የእኔ ልጅ ከኋላዋ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣለች፤ በሁለቱ መሐል ሦስት እንጨት ብቻ ነው ያለው። ጣቷን ትቀስራለች፣ ልጆቹ ይሄዳሉ። ጣቷን በቀሰረች ቁጥር ሰውዬውን በጎን አየዋለሁ።

አንድ ኳስ ሲወረወር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በላያችን እየበረረች ነበር፤ እዚህ ሰፈር ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ኳሱ መቺዋን አልፎ ልጄ ጓንት ውስጥ ገባ። ወርዋሪዋ ሳተ ብላ ራሷን ያዘች። ሌላው ሁሉ ወደየቦታው መመለስ ጀመረ። ልጄ ግን አልተነሳችም። ኳሱን እንደያዘች ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

እኔ ስለ ክሪኬት ምንም አላውቅም፤ ልጄን ግን አውቃታለሁ። ኳሱ ባቱን ነክቶ ነው የመጣው፤ እንዲህ ሆኖ ከተቀለበ መቺዋ ትወጣለች። ከእሷ በቀር የሰማ የለም። የሚቀጥለው ኳስ እስኪወረወር መጠየቅ ይችላሉ፤ ካልጠየቁ ዳኛው ዝም ነው፣ እያየም ቢሆን። ይህን ሁሉ በሻማና በጣሳ አሳይታኛለች። ቀና ብላ ወደ እኛ አየች፤ እኔን፣ እሱን፣ አንድ ላይ ተቀምጠን። ምንም አላደረግኩም። አንገቴን ልድፋላት አስቤ ነበር፤ ያንን ምልክት ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች። አንገቴ እምቢ አለኝ። በጀግንነት አይደለም፤ እሱ አጠገቤ ስለነበረ እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።

ተነሳችና ወደ ወርዋሪዋ ሄደች። ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ነገረቻት። ልጅቷ አዳመጠች።

«ምን ያወራሉ?» አለኝ ሰውዬው።

አላውቅም አልኩት። አውቅ ነበር።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳኛው ዞሩና እጃቸውን አንስተው ጠየቁ። ሌሎቹም ተከትለው ጮኹ። ዳኛው ቆየ፤ አውሮፕላኗ እስክትርቅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ጣቱን አነሳ። የሰውዬው ልጅ አልተከራከረችም። ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ልጄን አንድ ጊዜ አይታ፣ ባቷን እየጎተተች ወጣች። እሷም ሰምታ ነበር ማለት ነው።

የሰውዬው እጅ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አፒል» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ተነስቶ ወንበሩን አጠፈ። ከዚያ ፊቴ ቆመ። ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም ነበር። «ወንበሬን» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። ተነሳሁ። እሱንም አጠፈው፤ ሁለቱን በአንድ ብብቱ ይዞ ሄደ። ጭማቂው በእጄ ቀረ።

አሸነፉ አሉኝ። አሰልጣኟ መጥታ አቀፈችኝ፤ ማማ፣ ዛሬ ካፒቴን አየሽ አለችኝ። ዕልልታም ነበር። እኔ ወደ መኪናዎቹ መቆሚያ እያየሁ ነበር።

ሰኞ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ሳትሄድ፣ ሰውዬው ቢመጣ ብላ ሱቃችንን በሌላ ዓይን አየችው። የጋዝ ሲሊንደሩን ከበሩ አራቀች። የኋላውን መውጫ የዘጋውን የለስላሳ ሣጥን አነሳች። አባቷ ከዳቬይተን በጠዋቱ መጥቶ ነበር፤ እሱን ስልኩን አስይዛ ወደ ታክሲ መቆሚያው ላከችው፣ ከዚያ መንገዱ እስከ መጨረሻው ይታያል ብላ። ያቺ ዳቦዋን ሳልሰጣት በር የዘጋሁባት ጎጎ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ካፒቴኗ እዚህ ቁጭ በይ ብላኛለች፣ ከዚህ አልነሳም አለችኝ። ዳቦ ግን በነጻ ነው የምበላው አለች።

«አንቺ ማሚ፣ ከፍርግርጉ ኋላ አትሁኚ» አለችኝ ልጄ። በጣቷ ቦታውን አሳየችኝ፤ ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ቦታ። «እዚህ። ወረቀቱ በእጅሽ ይሁን።»

ጥሩ ካፒቴን ናት ወይ ብሎ ባለቤቴ ማታ ማታ በስልክ ይጠይቀኛል። እኔ እንጃ እለዋለሁ። ምናልባት ያን ሁለተኛውን አፒል ባትል ኖሮ ጠመኔው ከነኪሱ ይረሳ ነበር። ምናልባት ደግሞ በየቅዳሜው አንድ ወንበር እየተዘረጋልኝ፣ የጎረቤቶቼ በር እየተሰመረ፣ እኔ ጭማቂ ይዤ እቀመጥ ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚያስፈራ ለይቼ መናገር አልችልም።

ሰውዬው እስካሁን አልመጣም። በሌሎች መንገዶች ላይ ይታያል ይላሉ። ያ ሦስተኛው ሱቅ እንደተዘጋ ነው፤ ዝናብ መስቀሉን አላጠበውም፣ ቆርቆሮ ጣራው ጋርዶታል። ጠዋት ጠዋት ገና ሳልከፍት የሱቄን በር በመዳፌ ከላይ እስከ ታች እዳስሰውና መዳፌን አየዋለሁ። ከዚያ ጎጎዋ በርጩማዋን ትስባለች፣ እኔም ወረቀቱን ይዤ ልጄ ወዳቆመችኝ ቦታ እሄዳለሁ።